ቡናው የማነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሰዋስው ነው። «ኤጭ!» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡኝ። መነሻው የእንግሊዝኛ ክፍል ይሁን እንጂ መድረሻው ቡና ማሳ ነው፤ በመሀል ውርስም፣ ሽምግልናም፣ ክስም አለበት።

የማወራችሁ ስለ 7 ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ማይ፣ ዩር፣ ሂዝ፣ ኸር፣ ኢትስ፣ አወር፣ ዜር። በልጅነታችን የኔ፣ ያንተ፣ የሱ፣ የሷ እያልን በዜማ የሸመደድናቸው ናቸው። «እነዚህንማ ማን ያጣቸዋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። እንዲያውም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን እንዲህ ያሉትን ቃላት ማረም ለኔ የሚመጥን ሥራ አይመስለኝም ነበር። ስንት ታላላቅ ደራስያን እያሉ ማን ስለ ሂዝና ኸር ይጨነቃል? ዛሬ ማስተማሩን ትቼ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳየው ግን፣ ካነበብኩትም ካስተማርኩትም ይበልጥ የከነከነኝ ነገር የመጣው ከነዚሁ ከትንንሾቹ ነው። ያመጣችብኝም ተማሪዬ ናት።

ነገሩ የሆነው ጅማ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከሥነ ጽሑፉ ጎን ለጎን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አስተምር ነበር። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አጠገባችሁ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማችሁም። እኔም በዚያች ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀበናዬን አጠገቤ አድርጌ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ 60 ወረቀት አርማለሁ። ርዕሱን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። «እናቴ» የሚል፣ አንድ ገጽ።

ብዙ ወረቀት ያረመ መምህር አንድ ነገር ያውቃል። ስህተት ዝም ብሎ አይመጣም፤ እሱም እንደ ሰው አገር አለው። የፈረንሳይ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚሳሳተውና የኛ ልጅ የሚሳሳተው አንድ አይደለም። በፈረንሳይኛ ባለቤትን የሚያመለክተው ቃል ጾታውን የሚወስደው ከባለቤቱ ሳይሆን ከንብረቱ ነው። ስለዚህ የፈረንሳይ ልጅ ሂዝና ኸር ላይ ቢደናገር አይፈረድበትም። እኛ ግን «እናቱ» እና «እናቷ» ስንል እንደ እንግሊዞቹ ባለቤቱን አይተን ነው። በዚህ በዚህስ እድለኞች ነን።

መከራችን ሌላ ቦታ ነው። እስቲ «ሾፌሩ መኪናውን አቆመ» በሉ። «መኪናውን» ማለት ያንን የምናውቀውን መኪና ነው ወይስ የሱን መኪና? አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቅጥያ ነው ያለው። «ቤቱ» ያ ቤት ነው፤ «ቤቱ» የሱም ቤት ነው። «ላሟ» ያቺ ላም ናት፤ «ላሟ» የሷም ላም ናት። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው ዘ፣ ለሁለተኛው ሂዝ ወይም ኸር ብሎ ለያይቶታል። ተማሪያችን በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ዘ ማለት በሚገባው ቦታ ሁሉ ሂዝ ይላል። ደመወዝተኛውን ሾፌር በአንድ ቃል ባለ መኪና ያደርገዋል።

ከዚያ ደግሞ አክብሮታችን ይመጣል። «አባቴ ቤታቸው ናቸው» ብሎ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አባቱን ሂዝ ማለት ያሳፍረዋል። ስለዚህ «አባቴ ከዜር ላም ጋር መጣ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዛዊ ቢያነበው «ስንት አባት ነው ያለው?» ይላል። አፋን ኦሮሞም በዚህ ከአማርኛ ጋር ይስማማል፤ ለሚከበር አንድ ሰው የብዙ ተውላጠ ስም ይጠቀማል። የጅማና የአጋሮ ልጅ ከሁለቱም ቋንቋ የተማረው ታላቁን በብዙ ቁጥር መጥራት ነውና ዜር ብሎ ቢጽፍ ጨዋ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ አፋን ኦሮሞ «ቤቴ» ለማለት «ማነ ኮ» ይላል፤ ባለቤቱ ከንብረቱ በኋላ ነው የሚጠራው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ገበያ ውስጥ አማርኛ ይሰማል፤ ከፍ ሲል ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሦስት ቋንቋ በአንድ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። መሳሳት ሲያንሰው!

«ባለቤት» የምትለዋንማ ተዉት። አንዱ ተማሪዬ «ጎረቤታችንና ባለቤታቸው» ለማለት ሚስትየዋን «የጎረቤታችን ጌታ» የሚል ትርጉም በሚሰጥ እንግሊዝኛ ጽፎልኛል። ስቄ ሳበቃ ግን ትንሽ አሰብኩበት። እኛ አገር የንብረት ባለቤትም፣ የትዳር ጓደኛም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። በወረቀት ላይ ማነው ባለቤቱ ሲባል ግን…

እሱን ቆይተን እንመጣበታለን።

ለነገሩ እንግሊዞቹም ቢሆኑ እነዚህን ቃላት ከሰማይ አልተቀበሏቸውም። ኢትስ የምትባለዋ ቃል ብቅ ያለችው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ለዛፉም፣ ለድንጋዩም ሂዝ ነበር የሚሉት። በ1611 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ታዋቂው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ኢትስን አልለመዳትም። እና «ዛፉና የሱ ፍሬ» ብሎ ሂዝ የሚጽፍ ተማሪ ስታገኙ አትቆጡት፤ 400 ዓመት ዘገየ እንጂ አልተሳሳተም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ አንዱን እየሳቅኩበት አንዱን እየተቆጣሁት፣ አንዲት ወረቀት ላይ ደረስኩ። ጽሕፈቷ ልቅም ያለ ነው። ጸሐፊዋ ከአጋሮ ማዶ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር። የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስላል። እናቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ሂዝ ቡና ትለቅማለች። ሂዝ ቡና አልጋ ላይ ታሰጣለች። ሂዝ ቡና ጦጣ እንዳይበላው ትጠብቃለች። ዝናብ ሲመጣ ሮጣ ሂዝ ቡና ትሸፍናለች።

አራት ጊዜ! ሌላው እንግሊዝኛዋ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። እናት ሴት መሆኗን እንዴት ትረሳለች? አራቱንም በቀይ ከበብኩና በላያቸው ኸር ብዬ ጻፍኩ። ለያንዳንዱ ግማሽ ማርክ። 2 ማርክ ሄደ።

ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት ቢሮዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ያረሙብኝ… አልተሳሳትኩም።»

«እናትሽ ሴት አይደሉም እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ የሴት ኸር ነው፤ የወንድ ሂዝ ነው። ይሄ እኮ የልጆች ትምህርት ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ቡናው ግን የሷ አይደለም።»

«የማነው ታዲያ?»

ዝም አለች። ቁጭ እንድትል ወንበር ሰጠኋት። ቀስ በቀስ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በአፋን ኦሮሞ እያለች ነገረችኝ። አባቷ ሲሞት እሷ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ቡናውን አባቷና እናቷ አብረው ነው የተከሉት። ከቀብሩ በኋላ አጎቷ «ሴት ብቻዋን ምን ታደርገዋለች? እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ግብሩ በሱ ስም መገበር ጀመረ፤ ደረሰኙም በሱ ስም መውጣት ጀመረ። እናትየው በተከለችው ማሳ ላይ የቀን ሂሳብ የሚከፈላት ለቃሚ ሆነች። ነገሩ በአገር ሽማግሌ ተይዟል፤ ግን ስንት ዓመቱ። አጎትየው ደግሞ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። የልጅቱን የመሳፈሪያና የደብተር ወጪ የሚችለው እሱ ነው።

መምህር ነኝና ያዘንኩትን ያህል ሕጉም ታወሰኝ።

«እንግዲያውስ ‹የአጎቴ ቡና› ብለሽ መጻፍ ነበረብሽ። ሂዝ ከማለትሽ በፊት ሰውየው መጠራት አለበት። እኔ አንባቢው የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ስሙን ከጻፍኩማ ሰጠሁት ማለት ነው።»

ይህን ስትል ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። «እሺ፣ ኸር በይው። እንግሊዝ ማይ ሲል ሁልጊዜ ንብረቴ ማለቱ አይደለም። ማይ ባስ ይላል፤ አውቶቡሱን ገዝቶት ነው? የሚሳፈርበት ስለሆነ ነው። እናትሽም የምትለቅመው ቡና ስለሆነ ኸር ቢባል ያስኬዳል።»

«አውቶቡሱን ግን ማንም አልቀማውም፣ ቲቸር።»

ምን ልበላት? የመጨረሻውን መላ አመጣሁ። «በቃ ዘ በይውና እንገላገል። ዘ ኮፊ። የማንም አይሆንም።»

ፈገግ አለች። «የማንም ካልሆነ እናቴ በሌሊት ለምን ትነሳለች?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ 2ቱን ማርክ አልመለስኩላትም። «የፈተናው መመሪያ መመሪያ ነው» አልኩ። «እሺ ቲቸር» ብላ ወረቀቱን አጠፈችና ወጣች። ያን ቀን ማታ ጀበናዬን ጥጄ ሳስበው፣ ከ60 ወረቀት ውስጥ ከመጻፉ በፊት «የማነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ ገባኝ። ማርክ የቀነስኩትም ከሷ ነው። ሌሎቹ ቃሉን በልማድ ነው የጻፉት፤ አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸዋል። እሷ ግን ሂዝ ብላ ሰውየውን ሳትሰይም ያለፈችው አስባበት ነው። በአማርኛ ቢሆን «ቡናው» ብላ ትጽፍ ነበር፤ እኔም ሳልጠይቃት አልፍ ነበር። «ቡናው» ደግ ቃል ነው። የተቀማውንም፣ የቀማውንም፣ ማንንም ሳያስቀይም በአንድ ጣራ ያስተኛል። እንግሊዝኛው ግን አላስተኛት አለ። ዘ ነው? ሂዝ ነው? ኸር ነው? ምረጪ አላት። እሷ መርጣ ስትመጣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ጠበቅኋት።

ከዚያ ወዲህ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች በሄድኩ ቁጥር ጆሮዬ ይህችን ነገር መልቀም ጀመረ። አጋሮ ገበያ ላይ ገበሬው ጀንፈሉን ይዞ ሲቆም «ቡናዬ» ይላል። ሰብሳቢው ገዝቶ ሲጭን «ቡናዬ» ይላል። ከሰብሳቢው የተቀበለው አቅራቢ «ቡናዬ»፣ አዲስ አበባ ያለው ላኪ «ቡናዬ»። ሁሉም ከፍለውበታልና ሁሉም እውነታቸውን ነው። መርከብ ላይ የሚወጣው ጆንያ ላይ ግን ከነዚህ ሁሉ የአንዱም «ዬ» የለችም። ያልታጠበው ቡና ሲሆን ዓለም የሚያውቀው «ጅማ 5» በሚል ስም ነው። የአገሩ ስምና የደረጃው ቁጥር፣ በቃ። የተከለውና የለቀመችው በዚያ ውስጥ የሉም።

የሚገርማችሁ፣ ይህ አገር ባለቤትነትን በስም ማክበር የሚያውቅ አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጂፋር የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። ጂፋር ፈረሱ ነው፤ አባ ጂፋር ማለት የጂፋር ባለቤት እንደማለት ነው። ምኒልክም አባ ዳኘው ነበሩ። እንግዲህ ሰውዬው በፈረሱ የሚታወቅበት አገር ላይ፣ ቡናው በሰውዬው አይታወቅም።

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በተከታዩ ዓመት ቡናም ገባበት። አቅራቢው ቡናውን መጋዘን ያስገባ ነበር፤ ናሙናው ተቀምሶና ተለክቶ ደረጃ ይወጣለት ነበር፤ ከዚያ የሚገበያየው በአካባቢውና በደረጃው ነበር። የዕለቱ ዋጋ በየከተማው በግልጽ ታየ፤ የሸጠ ሰው ገንዘቡን ለመቀበል ደጅ መጥናት ቀረለት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ ቡና አስረክቦ ገንዘቡን ሲለምን የኖረ አቅራቢ ያውቀዋል። ግን ደግሞ የዚህ ገበሬና የዚያ ገበሬ ቡና በአንድ ደረጃ ሲደባለቅ፣ የማን እንደነበረ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ያኔ ጋዜጣ ላይ ሳነበው ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ሂዝም ኸርም ተነስተው በቦታቸው ዘ ገባ። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ለሷ የሰጠኋትን ምክር መጋዘን ተሠርቶለት አየሁት። ከ2009 ዓ.ም. የቡና አዋጅ፣ ማለትም ከአዋጅ ቁጥር 1051 ወዲህ ቡናው ከየት እንደመጣ ይዞ የሚጓዝበት መንገድ እየሰፋ መጥቷል። የዓለም ጠጪም ዛሬ ዛሬ «የማነው?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል፤ ለመልሱም ተጨማሪ ይከፍላል።

ስለ ስሙም ቢሆን ተከራክረናል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ከርሞ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ክርክሩ ሲጨመቅ የአንዲት ቃል ክርክር ነበር፤ አወር። «የኛ» ያልነውን ዓለም ሁሉ እንዲልልን ነው የተሟገትነው። ጅማ ግን ከሦስቱ ስሞች ውስጥ አልነበረችም።

እና «የኛ» የሚለው ቃል ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቁት። «የኛ» ሲባል ማን ማን እንዳለበት ካልተጠየቀ፣ ኸር የሚጠፋው እዚያ ውስጥ ነው። አጎትየውም ማሳውን ሲይዝ «የቤተሰባችን ነው» ብሎ ነበር አሉ። አወር!

የአጋሮ አካባቢ ነገር ከተነሳ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ መበልጸግ እንደማለት ነው። ፈረንጆቹ ቡናውን ሲሸጡ ይህንኑ ስም ሲተረጉሙት «ሕይወታቸውን ማሻሻል» ብለውታል። ልብ አላችሁ? ዋናው ቃል ላይ «የነሱ» የሚል የለም። ተርጓሚው ዜር የምትለዋን ከራሱ ጨመረ። ገበሬዎቹ ስለራሳቸው ሲናገሩ ቢሆን አወር ይሉ ነበር። ዜር የሚለው ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። የጠላት ቃል አይደለችም፤ የደግ ጎረቤት ቃል ናት። ቢሆንም አጥር አላት።

ከላይ «ቆይተን እንመጣበታለን» ያልኳችሁ ባለቤት ጋ እንመለስ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው ባለይዞታ እንጂ የመሬቱ ባለቤት አይባልም። በሰዋስው ብናየው መሬቱ አወር ነው፤ ማሳው ላይ ያለው መብት ግን ሂዝ ወይም ኸር ይሆናል። ታዲያ ሂዝ ብቻ ሆኖ የኖረበትን ዘመን የምታውቁት ነው። ያቺ ወረቀት ከተጻፈች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተሩ በጋራ ባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። የሚስት ስም ከባሏ ስም ጎን ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ማለት ነው። እኔ አዋጅ አንብቤ ተደስቼ አላውቅም፤ ይህን አንቀጽ ሳነብ ግን እስክሪብቶ ያለበትን ኪሴን ዳበስኩ።

አምና ኅዳር፣ የቡና ለቀማው ሞቅ ባለበት ሰሞን፣ ለሌላ ጉዳይ ጅማ ሄጄ ነበር። አንዲት ሴት ስልኬን ከማን እንዳገኘች እንጃ፣ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ጅማ መጥተዋል አሉ። ሳያዩኝ ቢመለሱ አዝናለሁ።» ስሟን ሳትነግረኝ አወቅኋት። በማግስቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አጋሮ ወረድኩ። በየመንገዱ ዳር ቀዩ እሸት በከረጢት ተደርድሯል፤ የመፈልፈያው ሽታ ከመኪናው መስኮት ይገባል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆናለች። ምን እንደምታስተምር ስጠይቃት እየሳቀች ነገረችኝ። ሂዝና ኸርን የምታስተምርበት ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አትጽፍም። የአንዱን ደብተር ታነሳና «የማነው?» ትላለች። የክፍሉን ወንበር ትነካና «የማነው?» ትላለች። «የመንግሥት!» «የኛ!» «የትምህርት ቤቱ!» ይጯጯሃሉ። ተከራክረው ሲያበቁ ነው ቃሉን የምትሰጣቸው። «መጀመሪያ ባለቤቱን ካወቁ ቃሉን አይስቱትም» አለችኝ። ለስንት ዓመት እኔ ያስተማርኩት ተገላብጦ ነበር። ቃሉን እሰጥና ባለቤቱን እንዲፈልጉ እተዋቸዋለሁ።

ፈራ ተባ እያልኩ ስለማሳው ጠየቅኋት። ነገሩ ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ሽማግሌ ሲመላለስ ዓመታት ወስዷል። በመጨረሻ ግማሹ በእናቷ ስም ተመዘገበ፤ ግማሹ አጎቷ ጋ ቀረ። «ተጣልታችሁ ቀራችሁ?» አልኳት። «ኧረ! ለሠርጌ በሬ የሰጠኝ እሱ ነው» አለች። የኛ አገር ነገር እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይቀማሃልም፣ ያስተምርሃልም፣ በሬም ይጥልልሃል። ለዚህ ለዚህ ቃል ያለው ቋንቋ አላጋጠመኝም።

ስለ 2ቱ ማርክ አነሳሁባት። ረስታው እንደሆነ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አልረሳችውም። «እሱን ለእናቴ ይንገሯት» ብላ ወደ ቤታቸው ወሰደችኝ።

እናትየው ደጃፍ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ቡና እየለቀሙ ከእሸቱ መሀል ጥሬውን ይለያሉ። ልጃቸው በአፋን ኦሮሞ አስተዋወቀችኝ። ምን ብላ እንዳስተዋወቀችኝ በደንብ አልገባኝም፤ ብቻ እየሳቁ አዩኝ። ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ በተሰባበረች አፋን ኦሮሞዬ አንድ ነገር ልበል ብዬ፣ አልጋው ላይ የተሰጣውን እያሳየሁ ጠየቅኋቸው።

«ኩን ቡነ ኤኙቲ?» ይህ የማን ቡና ነው ማለቴ ነው።

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው እንደማለት።

«ቡነ ኮ!» አሉ።

በአፋን ኦሮሞ «ኮ» ማለት «የኔ» ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «እኮ» እንላለን፤ የታወቀውን ነገር የሚጠይቀን ሰው ሲገጥመን፣ ነው እኮ ብለን ረገጥ አድርገን ለመመለስ። በሁለቱም ቋንቋ ሰማኋቸው። በእንግሊዝኛ የሚያርመው አላገኘሁበትም።